ዘጠና የጳጉሜ ቀናት

አሰላ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ሣህሌ፣

ሮቤ እንዴት ናት? የእርስዎ ዓይን፣ የእትዬ የሺሃረግ ጉልበት እንዴት ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጭላሎን ተራራ ካየነው ሳምንት አልፎናል፤ ጉም ውጦታል። ጫማ ከጭቃ ከማላቀቅ በቀር የሚያማርረን ነገር የለም።

አራቱ ደብተሮች በደህና ደርሰውኛል። ቱሳ ገና ሚኒባሱን ሳያቆም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እየጠራኝ ነው የመጣው። «ኦቦ ሣህሌ ከአንቺ እጅ በቀር የትም እንዳላስቀምጥ አስምለውኛል» ብሎ አስረከበኝ። መልስ ሳልጽፍ አሥር ቀን ስላሳለፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተይቡ ተማሪዎች ኮምፒውተር ቤታችንን ሞልተውት ነበር። ልደውል ብዬም አስቤ፣ ስልክ ላይ ጆሮዎ እንደማይሰማዎት ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ «አይ» ነው። ዌብሳይቱ አጠገቡ ሰው ተቀምጦ የሚጠብቀው ነገር አይደለም፤ መብራት ጠፋ ተብሎም አይበላሽም። እርስዎ አስተማሪ በነበሩ ጊዜ ፈተና በስቴንስል ያባዙ አልነበር? ይኸም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ገጹ ምን እንደሚመስል፣ አርዕስቱ የት፣ ሰንጠረዡ የት፣ ስምዎ የት እንደሚሆን አንዴ ይሠራል፤ አብነት እንለዋለን። ከዚያ እኔ የየቀኑን ዝናብ በተራ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ለአንድ ቀን አንድ መስመር፦ ቀኑ፣ ሚሊሜትሩ፣ ከጎኑ የጻፏት ማስታወሻ። በመጨረሻ አንድ ትዕዛዝ ስሰጠው ጽሑፉን ሁሉ በአብነቱ ላይ እያሰፈረ ገጾቹን አምርቶ አንድ ፎልደር ውስጥ ይደረድርልኛል። ዌብሳይት ማለት ያ ፎልደር ነው። ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ዓለም ያየዋል፣ ኔትዎርክ በሌለበትም በፍላሽ ይዞ መዞር ይቻላል። ይህን የሚሠራልኝ ፕሮግራም ስሙ ስታቲክ ሳይት ጀነሬተር ነው። ለእናቴ «ወፍጮ በይው» ብላት «እህሉንስ ማን ያመጣለታል?» አለችኝ። እህሉ የእርስዎ ደብተር ነው አልኳት።

ለዓይንዎ ሐኪም ዘንድ መጥተው ደብተሮቹን ፎቶ ኮፒ ሊያስደርጉ እኛ ዘንድ የገቡ ቀን ያሉኝን አልረሳሁትም። «አሥራ ሰባት ዓመት ዝናብ ስለካ አንድ ቀን እንዳልቀረሁ ሰው ሁሉ በዓይኑ እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ፤ የኔ ዓይን ሳይጠፋ» ነበር ያሉኝ። ያን ጊዜ አፍሬ አልጠየቅሁዎትም። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ሥራ ለምን እንዳነሣዎት ቢጽፉልኝ መግቢያው ላይ አሰፍረዋለሁ።

አክባሪዎ
ሙቢና ሰኢድ


ሮቤ፣ ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሙቢና፣

የእግዜር ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ። እናትሽ ዙቤዳ ደህና ናት? ወንድሞችሽስ? የሺሃረግ ጉልበቷን ቅቤ እያሸች «ይቺ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው? አግብታለች?» እያለች ትጠይቀኛለች። እኔ የዝናብ እንጂ የሰርግ መዝጋቢ አይደለሁም ብያታለሁ።

የስቴንስሉ ምሳሌ ገብቶኛል። አንድ ነገር ብቻ አርሚ፦ ስቴንስል ጣት ያቀልማል፣ ያንቺ ግን አያቀልምም፤ ስለዚህ ያንቺው ይሻላል።

የተነሣሁበትን ምክንያት ጠይቀሻል። ከ1979 መስከረም አንስቶ እስከ 1995 መጨረሻ ድረስ፣ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ትምህርት ቤታችን ግቢ ቆሞ የነበረውን የዝናብ መለኪያ ከፍቼ፣ ለክቼ፣ ጽፌአለሁ። ክፍል ውስጥ ከሆንኩ ተማሪዎቼን «ጸጥ በሉ» ብዬ ወጥቼ እመለሳለሁ። ሥራው ከማስተማሩ ጎን ለጎን የተሰጠኝ ነበር፤ ግን ከማስተማሩ ይልቅ እሱን ወደድኩት። በ1996 መግቢያ ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። «ተመልካቹ በየዓመቱ ሥራውን ጥሎ ስለሚሄድ መዝገቡ በሙሉ የማይታመን ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። የጎደሉ ቀናት አሉ ተባለ። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። አንድ ኮት የለበሰ ሰው ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ደብተር በኋላም ይጻፋል» አለኝ። ይኸን ቃል እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም። ልጅ ሳስተምር የኖርኩትን ሰው ውሸታም ብለው ሸኙኝ፤ መለኪያውንም ለሌላ ሰጡት።

የትኞቹ ቀናት ጎደሉ እንደተባለ ግን አልነግርሽም። ብነግርሽ «ሽማግሌው እየመራ አስጻፋት» ይባላል። አንቺ ምንም ሳታውቂ እንዳለ ገልብጪው፤ ቀኖቹ ራሳቸው ይናገሩ። ማን እንዳደረገውም የምጠረጥረው ሰው አለ። እሱንም አልጽፍልሽም።

ያንቺው
ሣህሌ


ሮቤ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙቢና፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ይቅር በዪኝ።

«በ1979 ጥቅምት 29 እና 30 በእርግጥ ለክተው ነበር ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ለክቻለሁ። ሁለቱንም ቀን ዜሮ ነጥብ ዜሮ ነበር። ጥቅምት እኮ ነው፣ እሸት የሚደርቅበት ወር! ዝናብ የለም ማለት ሣህሌ የለም ማለት አይደለም። ዜሮም ልኬት ነው። ጥቅምት 30 ቀን የየሺሃረግ አጎት ሞቶ አቦምሳ መንገድ ልንሄድ ስንል፣ ሬሳ እየጠበቀ እኔ መለኪያ ልከፍት ሄጄ የተቆጣችኝ ቁጣ እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከጎኑ «ለቀብር» ብዬ ጽፌ የለም? አንብቢው።

አንድ ጊዜ «ደብተር በኋላም ይጻፋል» ተብያለሁ። ካንቺም እንዳልሰማው እለምንሻለሁ።

ሣህሌ


አሰላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምወድዎት ጋሽ ሣህሌ፣

ከየት ልጀምር? ከይቅርታ። ጥያቄዬ እርስዎን የሚነካ መሆኑ ከጻፍኩት በኋላ እንኳ አልታየኝም ነበር። የተጠራጠርኩት እርስዎን አልነበረም፤ እርስዎን የተጠራጠረው ማሽኑ ነው፣ እኔ ደግሞ እሱን አመንኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኖቹን በቁጥር ነበር የምጽፈው፤ ዓመቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ሁለት ቁጥር ሰጠሁት። ትዕዛዙን ስሰጥ ግን ቀጥ ብሎ ይቆምና «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ይለኛል። የ1979ኙን ጥቅምት 29 እምቢ ያለ ማሽን የ1980ውን ተቀበለው። የ1981ን፣ የ1982ን፣ የ1983ን እምቢ፤ የ1984ን እሺ! በአራት ዓመት አንዴ እየፈቀደ ሦስት ዓመት የሚከለክል ምን ዓይነት ጠባይ ነው ብዬ ራሴን ስይዝ፣ ደብዳቤዎ መጣ። ያን ቀን ነው የበራልኝ። ይኼ ማሽን ፈረንጅ ነው፤ ሁለተኛ ወር ሲሉት የሚመጣለት የራሱ ፌብሩዋሪ ነው! ፌብሩዋሪ ደግሞ ሠላሳ ቀን ኖሮት አያውቅም። ብቻዬን ስስቅ ደንበኞች አበደች ብለውኛል።

ስለዚህ ጥፋቱ የእርስዎም የጥቅምትም አይደለም። ሁለቱን ቀናት ከ28 ጋር አንድ ላይ አድርጌ አሳለፍኳቸው፤ በኋላ በደንብ አስተካክላቸዋለሁ። ሌሎችም እምቢ ያላቸው ጥቃቅን መስመሮች ነበሩ፤ ለጊዜው «በኋላ» የሚባል ፋይል ውስጥ አቆይቻቸዋለሁ። ቱሳ ነገ ስለሚመለስ በባዶ እጁ እንዳይሄድብኝ ብዬ ቸኮልኩ።

ይኸው የአሥራ ሰባቱም ዓመት ሰንጠረዥ፣ ልክ ዌብሳይቱ ላይ እንደሚታየው፣ በወረቀት ታትሞ ተልኮልዎታል። እትዬ የሺሃረግ መነጽራቸውን አድርገው ያንብቡልዎ። ስምዎ በትልቁ ተጽፏል። ደስ እንደሚልዎት እርግጠኛ ነኝ።

ሙቢና


ሮቤ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሙቢና ሰኢድ፣

ወረቀቱ ደርሶኛል። ነሐሴ 30 ይልና ቀጥሎ መስከረም 1 ይላል። በአሥራ ሰባቱም ዓመት እንደዚያው።

ጳጉሜ የት ገባች?

ጥቃቅን መስመሮች ያልሻቸው እነዚያ ናቸው? ጎደሉ ተብዬ የተባረርኩባቸው ቀናት እነዚያው ናቸው! አምስትም ስድስትም እየሆኑ በአሥራ ሰባት ዓመት ዘጠና ቀን። «ለዘመን መለወጫ ሊጠጣ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል» ነው የተባልኩት። እዚህ ገበያ ስወጣ እኩዮቼ እስከ ዛሬ «ጳጉሜ መጣ» ይሉኛል፤ ልጆቹ እውነተኛ ስሜ ይመስላቸዋል።

ደብቄሽ የነበረውን አሁን ልንገርሽ። የኔን ልኬት አሰላ ላይ ተቀብሎ በፎርም ወደ ላይ የሚያስተላልፍ አንድ ፀሐፊ ነበር፤ አባትሽ ሰኢድ። ቤቴ ገብቶ የወጣ፣ እንጀራዬን የበላ ወዳጄ ነበር። ጳጉሜን ለብቻዋ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በእጁ እሰጠው ነበር። ላይ ሳትደርስ ቀረች። እኔ ስባረር በቦታዬ የተተካው የእናትሽ ወንድም ነው። ከዚያ ወዲህ አባትሽን አይቼውም አናግሬውም አላውቅም። አንቺን ሳገኝሽ «ልጅ ምን አጠፋች» ብዬ ነበር ደብተሬን የሰጠሁሽ። ዘር ከልጓም ይስባል የሚሉት እውነት ነው ለካ።

ደብተሮቼን በቱሳ መልሺልኝ። ዌብሳይቱን ተይው።

ሣህሌ


አሰላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሣህሌ፣

እባክዎ ይህን ሳይጨርሱ አይቅደዱት። ደብተሮቹ በላስቲክ ተጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ይህን አንብበው አሁንም «ላኪ» ካሉኝ በማግስቱ እልካለሁ።

ደብዳቤዎን ሳነብ እናቴ ፊቴን አይታ «ማን ሞተ?» አለችኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ደስ ላሰኝዎት ቸኩዬ ቁስልዎን ነካሁት። ማሽኑ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አያውቅም። «ከአሥራ ሁለት በላይ ወር የለም» ብሎ ሲቆምብኝ፣ ለማስረዳት ከመድከም ዘጠናውን መስመር ወደ ጎን አደረግሁት። አምስት ቀን ምን ይጎዳል ብዬ ነው። እርስዎን ያስባረሩት ቀናት እነሱ እንደሆኑ ባላውቅም፣ አለማወቄ አያጸዳኝም። የእርስዎን ጳጉሜ ለመተው ማንም ሥልጣን አልሰጠኝም።

አባዬ ከመስጊድ ሲመለስ ስለ እርስዎ ደብዳቤ ጠየቀኝ። ደብተርዎን ስገለብጥ መክረሜን ያውቃል፤ አንድ ቀንም ግን አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም። ደብዳቤውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ከዚያ «አንቺስ ለምን ተውሻት?» አለኝ። ማሽኑ ለአሥራ ሦስተኛ ወር ቦታ የለውም አልኩት። ተቀመጠ። «እኔም» አለ፣ «እኔም እንደዚያው ነው ያደረግሁት።»

የነገረኝን እንደነገረኝ ልጻፍልዎ። «ፎርሙ ከውጭ አገር ታትሞ የመጣ ነበር፤ አሥራ ሁለት አምድ ብቻ ነው ያለው። በመጀመሪያው ዓመት የሣህሌን የጳጉሜ ወረቀት ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ፎርሙ ላይ ቦታ የሌለው ነገር አይላክም አለኝ። በሁለተኛው ዓመት አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ልማድ ሆነ። የላይኞቹ ያንን ክፍተት አይተው ሰውየው አይገኝም ሲሉ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አራት ልጅ ነበረኝ፤ ‹አንተ ነህ የጣልከው› ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አንገቴን ደፋሁ። ወላሂ፣ ሣህሌን ለመጉዳት አስቤ አይደለም። ግን ጎዳሁት።» የአጎቴንም ነገር ጠይቄዋለሁ። «ያመለከተው እሱ ብቻ ነበር። አልተናገርኩለትም፤ አልከለከልኩትምም» አለኝ።

ከዚያ ተነሥቶ ሣጥኑን ከፍቶ አንድ ፖስታ አመጣ። ጋሽ ሣህሌ፣ ውስጡ አሥራ ሰባቱም ቁራጭ ወረቀቶች አሉ! በእርስዎ እጅ የተጻፉ፣ እያንዳንዳቸው መሥሪያ ቤቱ የተቀበለበት የገቢ ማኅተምና ቀን ያለባቸው። የ1979ኟ መስከረም 4 ቀን 1980 ገቢ ተደርጋለች፤ ሌሎቹም እንደዚያው በየዓመታቸው። ሊልካቸው አልደፈረም፣ ሊጥላቸውም አልቻለም። ደብተር በኋላም ይጻፋል ብለዋል አይደል? ማኅተም ግን በኋላ አይመታም። ከደብተርዎ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኳቸው፤ አንዲት ነጥብ አትለይም።

ዌብሳይቱንም ከሥሩ አስተካክዬዋለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ማሽኑ የሚያነበውን የቀን መስመር ጨርሶ አወጣሁት። በምትኩ ለየቀኑ ተራ ቁጥር ሰጠሁ፤ የ1979 መስከረም 1 ቀን አንድ ብሎ ይጀምራል፣ የ1995 ጳጉሜ 6 ቀን ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥር ብሎ ያበቃል። ማሽኑ በቁጥሩ ይደረድራቸዋል፣ ሰው ግን ቀኑን እርስዎ እንደጻፉት በፊደል ያነባል። ጥቅምት ሠላሳ ቀኗን አግኝታለች። ጳጉሜም በቦታዋ ናት።

አባዬ ሊጽፍልዎ ሦስት ጊዜ ብዕር አንሥቶ ሦስት ጊዜ አስቀመጠ። ፈቃድዎ ከሆነ ሮቤ መጥቶ በአካል ይቅርታ ሊጠይቅዎ ይፈልጋል። ቢቆጡት እንኳ ይገባኛል ይላል። ምን ልበለው?

ሙቢና


ሮቤ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሙቢና፣

በመጀመሪያ ሰላም ለቤታችሁ ሁሉ ይሁን። ባለፈው ሰላምታ ነፍጌሽ፣ ያለ ጥፋትሽ በዘርሽ ሰድቤሻለሁ። የሺሃረግ የጻፍኩትን ስነግራት «ሽበት ለራስ ቅል ብቻ ነው የበቀለብህ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ይቅር በዪኝ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነብቤአታለሁ። ማኅተሙ ጋ ስትደርስ በየጊዜው አስቆማታለሁ፤ «ድገሚው» እላታለሁ። በሦስተኛው አልቅሻለሁ፤ ምን እደብቅሻለሁ። ከጫንቃዬ ላይ ኩንታል የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው ንጋት ሃያ አንድ ዓመት ፈጀ እንጂ።

አባትሽን ተቆጥቼው እንደሆን ልትሰሚ ትፈልጊያለሽ። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በልቤ ይዤ የኖርኩት አንድ ተንኮለኛ ሰው ነበር። እያንዳንዷን ወረቀት እየቀደደ፣ እየሳቀ ይታየኝ ነበር። አሁን ሳየው ግን አሥራ ሁለት አምድ ይዞ አሥራ ሦስተኛ የት ላስገባ ብሎ የጨነቀው ፀሐፊ ነው። ተንኮል የመሰለኝ ለካ ቦታ ማጣት ኖሯል! ዝም ማለቱ በድሎኛል፤ ያን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ግን የፈራን ሰው ይቅር ማለት አያቅትም። ወረቀቶቹን አለመጣሉ ደግሞ… ማንም አልቀጠረውም እኮ፣ ማንም አላዘዘውም።

ይምጣ በዪው። ወረቀቶቹን በቱሳ እንዳይልክ፤ ራሱ ይያዛቸው። ደብተሮቼም እዚያው ይቆዩ፤ ሥራሽን ጨርሺ።

ሣህሌ


አሰላ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ሣህሌ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ አባዬ ነው። ከንጋት ጀምሮ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ቀይሯል። እናቴ «ሽምግልና ነው የምትሄደው ወይስ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው?» እያለች ታበሽቀዋለች። መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ኦጎልቾ እንዳይወርድ ቱሳን አደራ ብዬዋለሁ፤ መንገዱ በዚያ እንደማይሄድ አውቃለሁ፣ አባዬ ግን ዛሬ በምንም በኩል ሊያመልጥ የሚችል ይመስላል።

ኔትዎርክ ሁለት ጊዜ ተቋርጦብኝ፣ በሦስተኛው ትናንት ከሰዓት በኋላ ፎልደሩ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ዌብሳይትዎ አለ! በየዓመቱ ጳጉሜ ሥር የቁራጭ ወረቀቷን ፎቶ ከነማኅተሟ አስገብቻለሁ። ሌላ ምንም ማብራሪያ አልጻፍኩበትም፤ እንዳሉት ቀኖቹ ራሳቸው ይናገሩ ብዬ ነው። ቱሳም ስልኩ ላይ ጭኖታል፤ እትዬ የሺሃረግ እያነበቡልዎ ይዩት።

የሚታረም ነገር ካለ ይጻፉልኝ። ማረም ቀላል ነው፤ አንድ መስመር መለወጥና ትዕዛዙን መድገም ብቻ።

ሙቢና


ሮቤ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሙቢና፣

አባትሽ ደህና ነው። በልቷል፣ ተኝቷል፣ ከየሺሃረግ ጋር ስለ ጉልበት በሽታ ተማክሯል። ዛሬም አልሄድም ብሏል፤ እኔም አላስገደድኩትም። በር ላይ ስንገናኝ ስለተባባልነው አልጽፍልሽም፤ ሁለት ሽማግሌዎች ሲላቀሱ ማየት ለቱሳ በቅቶታል። መናኸሪያ ሄዶ ለሁሉም አውርቷል።

ዌብሳይቱን አይቻለሁ። ቱሳ ስልኩን በእጄ አስያዘኝና በጣቴ እየገፋሁ ከ1979 ጀመርኩ። ማኅተሞቹ ለዓይኔም እንኳ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አንዳንዱን ዝናብ ሳየው አስታወስኩት። ልጄ፣ ይህን የሠራሽበትን እጅ ይባርክልኝ። ሰው አደረግሽኝ።

የሚታረም ካለ ይጻፉልኝ ብለሻል። አንድ አለ።

ትናንት ሩፋኤል ነበር። እንደምታውቂው እኛ ዘንድ በዚያ ቀን የሚዘንብ ዝናብ ጠበል ነው፤ ሰማይ ይከፈታል ይባላል፤ ልጅም አዋቂም ወጥቶ ይጠመቅበታል። ጠዋት ዘነበ። እኔና አባትሽ በረንዳ ላይ ቆመን ስናይ «ስንት ሚሊሜትር ይሆናል?» አለኝ። «ሳልለካ ቁጥር አልናገርም፤ ተናግሬም አላውቅም» አልኩት። ውሸት ነበራ።

በ1989 ክረምት የሺሃረግ ታማ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት፣ የሐኪም ቤቱም መድኃኒት አልያዘላት ብሎ፣ አሁን ትሞትብኛለች ብዬ ቀን የምቆጥርበት ጊዜ ነበር። የሩፋኤል ለት ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። እኔ እሷን ስጠብቅ ደጅ ዕቃ ማስቀመጥ ረስቼ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ መለኪያውን ስከፍት ውስጡ የሩፋኤል ውኃ ሞልቷል። በመላው ግቢ ንጹሕ የተጠራቀመ ዝናብ ያለው እሱ ውስጥ ብቻ ነው። አሰብኩ፤ ብዙም አላሰብኩም። ሳልለካ፣ ጣሳውን እንዳለ ታቅፌ ቤቴ ሮጥኩ። ግማሹን አጠጣኋት፣ በግማሹ ፊቷን አጠብኳት። ስመለስ ደብተሩ ላይ ባዶ መተው አቃተኝና «7.0» ብዬ ጻፍኩ። በቁራጩም ወረቀት ያንኑ ደገምኩት። መሥሪያ ቤቱ ማኅተም የመታበት፣ አንቺም ነጥብ አትለይም ያልሽው ያ ቁጥር፣ ከራሴ ያወጣሁት ነው።

ያኔ ማንም አልጠረጠረኝም። ከተባረርኩ በኋላ ግን በንጹሕ ልብ ልጮህ ስል እሷ ሰባት ቁጥር ጉሮሮዬ ላይ ትቆማለች። ለዚህ ይሆናል የኮቱን ሰውዬ ይበልጥ የጠላሁት። ትናንት ለአባትሽ ነገርኩት። በሕይወቴ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ትክ ብሎ አየኝና በሳቅ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ። «ሰማንያ ዘጠኙ የኔ፣ አንዷ ያንተ!» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ስቄ አላውቅም።

እንግዲህ ጳጉሜ 3 ቀን 1989 ላይ ያለውን 7.0 አጥፊልኝ። ወረቀቷ ከነማኅተሟ ትቆይ፣ ሰንጠረዡ ላይ ግን «አልተለካም» ብለሽ ጻፊ፤ ምክንያቱንም ጨምሪ፣ አላፍርበትም።

የሺሃረግ አጠገቤ ሆና እየሰማች «ሰባት ነበር! የጠጣሁት እኔ፣ የማውቀው እኔ፤ ለልጅቱ እንዳትነካው ብለህ ጻፍ» ትለኛለች። እሷን አትስሚያት። ባዶ ይሁን።

ሣህሌ